ቀስቱን ተዉትና የሉሲን ሌሊት መልሱ

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የወጣቶች ኅብረት ፕሮግራም ካለቀ በኋላ ሶዶ ውስጥ በየሻይ ቤቱ፣ ከመዘምራን ልምምድ ወደ ቤት ስንመለስም በየመንገዱ ስንሰማው የከረምነው ነው። አንዱ ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድሞች፣ «ፊልም ሠሪዎቹ መጽሐፉን አበላሹት፤ ሴቷን ወንድ አደረጓት» ይላል። ሌላው ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ እህቶች፣ «እንኳን አደረጉ! መጽሐፉ ላይ ዳር ቆማ የምታይ ነበረች፤ አሁን ቢያንስ ተዋጋች» ብሎ ይመልሳል። የታየው ናርኒያ ይሁን ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ወይም ሆቢት፣ ክርክሩ ያው ነው። ድምፅ ከፍ ይላል፣ አንድ ሰው የኤፌሶንን መልእክት ይጠቅሳል፣ ሌላው ዲቦራን ይጠራል፣ ሻዩም ይቀዘቅዛል።

እኔ ሁለቱንም ወገን ልቃወም ነው የተነሣሁት። ወንድሞች ፊልም ሠሪዎቹን የሚቃወሙ ይመስላቸዋል፤ እህቶች ደግሞ ወንድሞችን። በአንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም፣ ፊልም ሠሪዎቹም ጭምር፣ ተስማምተዋል፦ ብርታት ማለት መሣሪያ መያዝ ነው። የሚጣሉት መሣሪያው ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ከወንድሞች ልጀምር። አብዛኞቻችን እነዚህን ፊልሞች ያየናቸው በፍላሽ ሲመጡ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፉ፣ አንዳንዴም በትርጉም ነው። በትርጉም ፊልም ላይ ተርጓሚው ከራሱ ቀልድ ይጨምራል፣ ያልመቸውን ይዘላል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ከመጽሐፉ ሁለት እርምጃ ርቀን ነው። ታዲያ «መጽሐፉን አበላሹት» የሚለው ወንድሜ መጽሐፉን መቼ አነበበው? ብዙውን ጊዜ አላነበበውም። ያላየውን ቤት ጣሪያው ፈርሷል ብሎ ይመሰክራል።

መጽሐፉን ለከፈተ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ ሰባቱን የናርኒያ መጻሕፍት ያሳተመው እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት ነው። በመጀመሪያው፣ አንበሳውና ጠንቋይዋ ባሉበት መጽሐፍ፣ የገና አባት ስጦታ ሲያድል ለፒተር ሰይፍና ጋሻ፣ ለሱዛን ቀስትና መለከት፣ ለሉሲ (ድንቅነሽን ማለቴ አይደለም) ፈዋሽ መድኃኒትና ትንሽ ጩቤ ይሰጣቸዋል። ሁለቱ እህትማማቾች ግን ውጊያ ውስጥ እንዲገቡ አይፈልግም። ሉሲ ድፍረቱ እንደማያንሳት ስትነግረው፣ ሴቶች የሚዋጉበት ጦርነት አስቀያሚ ነው ይላታል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድሩ አዳምሰን ያዘጋጀው ፊልም ከዚህ ንግግር ሴቶች የሚለውን አውጥቶ፣ ጦርነት ራሱ አስቀያሚ ነው አሰኘው። በዚያው ፊልም ላይ ኤድመንድን ሊገድል የደረሰውን ድንክ ሱዛን በቀስት ትጥለዋለች፤ ይህ በመጽሐፉ የለም። እስከዚህ ድረስ ወንድሞች እውነት አላቸው።

ንባቡ ግን እዚያ አያበቃም። በ1954 በወጣው «ፈረሱና ልጁ» በተባለው መጽሐፍ ንግሥት ሉሲ ከቀስተኞቹ ጋር ወደ ጦር ሜዳ ትጋልባለች። ሱዛን ቤት ትቀራለች፤ ሉሲ ግን ትሄዳለች፤ ደራሲውም ነገሩን እንደ ነውር አይቆጥረውም። በ1956 በወጣው በመጨረሻው መጽሐፍ ጂል የምትባል ልጅ በጨለማ መንገድ በመምራት ከሁሉ ትበልጣለች፤ በመጨረሻው ውጊያም ቀስቷን ይዛ ትሰለፋለች። ይህን የጻፈው ሆሊውድ አይደለም። የጻፈው ያ ስለ ክርስትና እምነት የጻፋቸውን መጻሕፍት በየስብከታችን የምንጠቅስለት ሰው ነው።

የቶልኪን ነገርም ከዚህ አይርቅም። ፒተር ጃክሰን እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ባወጣቸው ሦስት ፊልሞች ውስጥ የአርዌን ድርሻ ከመጽሐፉ በጣም ሰፍቷል። የቆሰለውን ፍሮዶ በፈረስ ይዛ ወንዙን የምታሻግረው ፊልሙ ላይ ነው፤ በመጽሐፉ ግሎርፊንደል የሚባል ሌላ ኤልፍ ፈረሱን ይሰጠዋል፣ ፍሮዶም ብቻውን ይጋልባል። በሁለተኛውም ፊልም አርዌን በምሽጉ ጦርነት እንድትዋጋ ተቀርጾ ነበር፤ አንባቢዎች ስላጉረመረሙ ያ ሐሳብ ተተወ። ሆቢት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመው መጽሐፍ፣ በጉዞው ላይ አንዲት ሴት የለችበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፊልም ግን ታውሪየልን ከምንም ፈጥሮ ጨመራት። ሰው የሚያማርረው በቀስቷ ነው። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው፦ ይህችን የመሰለች ተዋጊ ፈጥረው ሲያበቁ ሥራ አጡላትና ሁለት ወንዶች መሐል አቆሟት፤ አንዱን ትወዳለች፣ ሌላው እሷን ይወዳል። ለዚህ ለዚህ ምኑን ፈጠሯት?

ኤዮዊንን ግን ማንም አልጨመራትም። የጠንቋዮቹን ንጉሥ ወንድ እንደማይገድለው ትንቢት ተነግሮለት ሳለ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ወደ ጦርነት የመጣችው ልጅ የገደለችው በቶልኪን ብዕር ነው። እዚህ ላይ ወንድሞች ዝም ይላሉ። እኔም እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳዬ እገባለሁ። በመጽሐፉ ኤዮዊን ጠላቷን ገድላ አልዳነችም። የምትፈራው ሞትን ሳይሆን ቤት ውስጥ እንደ ወፍ ታጉሮ ማርጀትን ነበር፤ ወደ ጦርነቱም የሄደችው ሞትን ፈልጋ ነበር። ከዚያ በኋላ በሕሙማን ቤት ተኝታ፣ ቀስ በቀስ፣ መኖርን ትመርጣለች፤ ሰይፏን አኑራ ፈዋሽ ለመሆን ትወስናለች። ሲኒማ ቤት የታየው ፊልም ግድያውን በሙሉ ድምቀት አስቀርቶ ይህን መዳን ቆርጦ ጣለው። ካሜራው የወደደው ሰይፉን ነው። ስለዚህኛው መቁረጥ ግን በሻይ ቤት ሲከራከር የሰማሁት ወንድም የለም፤ እህትም የለችም።

አሁን ወደ እህቶች ልዙር። እኅቶቼ ሆይ፣ «ልዑል ካስፒያን» ሲታይ ሱዛን ቀስቷን ስትስብ አጨበጨባችሁ። አልፈርድባችሁም፤ ፊልሙ ላይ ያለችው ሱዛን ታምራለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ይህ ፊልም በመጽሐፉ የሌለ ትልቅ የሌሊት ወረራ ፈጥሮ በክፉው ንጉሥ ግንብ ላይ ዘመተ፤ ሱዛንንም ከፊት አሰለፋት፤ በመጨረሻም ከካስፒያን ጋር አሳሳማት። ያጨበጨባችሁት ይህ ሁሉ በተጨመረ ጊዜ ነው። ቦታ ለማግኘት ምን እንደ ተቀነሰ ግን አላያችሁም። የተቀነሰው የሉሲ ሌሊት ነው።

ያላነበባችሁት ስላላችሁ ልተርክላችሁ። አራቱ ልጆችና መሪያቸው ድንክ ትራምፕኪን በጫካ ውስጥ ጠፍተዋል። ገደል ጋ ሲደርሱ ሉሲ አንበሳውን፣ አስላንን፣ ከገደሉ ላይ ቆሞ ወደ ላይ እንዲከተሉት ሲያመለክት ታየዋለች። ሌላ ማንም አላየውም። ሉሲ ከሁሉ ታናሽ ናት፤ ደክሟታል፣ እንቅልፍም አጥታለች፤ ሰው ሊያምናት የሚገባበት አንድም ምክንያት የለም። ድምፅ ይሰጣሉ። ኤድመንድ፣ ከዚህ በፊት አላምንሽም ብሏት ያፈረው ኤድመንድ፣ ከእሷ ጋር ይቆማል። ሱዛንና ድንኩ ወደ ታች እንሂድ ይላሉ። የመጨረሻው ውሳኔ የታላቅ ወንድሟ የፒተር ነው፤ ፒተርም ወደ ታች ይላል። ሉሲ እያለቀሰች ትከተላቸዋለች። ወደ ታች የወረዱት ጠላት ወዳለበት ነው፤ የቀስት ዝናብ ይቀበላቸዋል፤ የወረዱትን ሁሉ መልሰው ይወጡታል። ቀናቸው ባከነ።

በሌሊት አንድ ድምፅ ስሟን ይጠራታል። ሄዳ አስላንን ታገኘዋለች። ደስታዋ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሌሎቹን መክሰስ ትጀምራለች፤ እኔ አይቼህ ነበር፣ እነሱ ናቸው ያላመኑኝ ማለት ነው። አንበሳው ግን አላዘነላትም። በዝግታ ያጉረመርማል። እሷም ሲገባት ድምፅዋ ይቀንሳል፦ እነሱ ባይመጡም እንኳ ብቻዋን ልትከተለው ይገባ ነበር። ከዚያ አሁኑኑ ተነሥታ ሌሎቹን እንድትቀሰቅስና ተከተሉኝ እንድትላቸው ያዝዛታል፤ እምቢ ካሉም ብቻዋን እንድትከተለው።

በእኩለ ሌሊት ሦስት የደከሙ ታላላቆችን ቀስቅሶ፣ ለእናንተ የማይታያችሁ አንበሳ ተነሡ ብሏችኋል ማለትን አስቡት። ሱዛን በትልቅ ሰው ድምፅ ሕልም አይተሽ ነው ትላታለች። ሉሲ ትንቀጠቀጣለች፤ ግን እናንተ ባትመጡም እኔ እሄዳለሁ ትላለች። ትሄዳለችም። እነሱም እያጉረመረሙ ይከተሏታል፤ በመንገድ ላይ መጀመሪያ ኤድመንድ፣ ቀጥሎ ፒተር፣ ከሁሉ በኋላ ሱዛን አንበሳውን ያዩታል። ሱዛን ስታየው የምትናገረው ነገር እኔን ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጦ ይወጋኛል፦ በልቧ ገና ትናንት አምና ነበር፤ ወይም ራሷን ብትፈቅድላት ታምን ነበር። ከጫካው ቶሎ መውጣት ስለ ፈለገች ብቻ ያየችውን እህቷን አፏን አስያዘቻት።

ፊልሙ ይህን ሌሊት ወደ አጭር ሕልም ለወጠው። በኋላ ሉሲ በፈረስ ስትጋልብ አስላንን ታገኘዋለች፣ ስለ መከተልም ሁለት ሦስት ቃል ይነጋገራሉ፤ ግን ታላላቆቿን የመቀስቀሷ፣ እምቢታውን የመቀበሏ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ የማለቷ ፍርሃት የለም። ለምን? ስለማይታይ ነው። በካሜራ ፊት አንዲት ልጅ በጨለማ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ትናገራለች፤ ይህ ትኬት አያሸጥም። ቀስት ያሸጣል። ስለዚህ ሱዛንን፣ በዚያ ሌሊት የተሸነፈችውን፣ ጀግና አደረጓት፤ ያሸነፈችውን ሉሲን ታዳጊ ሕፃን አድርገው አስቀሯት። እህቶች፣ ያጨበጨባችሁት ለዚህ ልውውጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም እጁን ማውጣቱ አይቀርም። «ታዲያ መገዛትስ? ፒተር ታላቅ ወንድም ነው፣ የነገሥታቱም አለቃ ነው። ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ እሷ ማን ናትና ነው ሌሊት የምትቀሰቅሰው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ቀላል ነው። ሉሲ ቀን ላይ ለፒተር ታዘዘች፤ አንበሳው የገሠጻት በዚያ መታዘዟ ነው። ፒተርን እንድትሳደብ፣ እንድትንቅ፣ ከአለቅነቱ እንድታወርደው አልታዘዘችም። ያየችውን እንድትናገርና እንድትሄድ ታዘዘች። ፒተርም ሲያየው ተንበረከከ እንጂ ክብሬ ተነካ አላለም። በእኛ ኅብረት ውስጥ አንዲት እህት ይህ አካሄዳችን ልክ አይደለም ብላ ስትነሣ የምንጠይቃት ያየችውን ነው ወይስ ዕድሜዋን? «ፊልም አብዝታለች» ብለን ስንስቅባት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ከሦስት ወር በኋላ ያለችው ሲደርስ፣ የጠየቃት ሰው የለም፤ ሁሉም ወደ ገደሉ እየወጣ ነው።

ደግሞም መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን ክርክር ቢሰማ የሚደነቅ ይመስለኛል። ኢያዔል በድንኳኗ ውስጥ ለሲሣራ ወተት አጠጥታ፣ ሸፍና አስተኝታ፣ የድንኳን ካስማ በጆሮ ግንዱ ላይ ቸነከረች። ይህን ፊልም ላይ ብናየው ግማሹ ወንድም «ይኸው! ሆሊውድ ጨመረው» ባለ ነበር። የዕብራውያት አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ ግን ምንም አልወጉም፤ ፈርዖን ግደሉ ያላቸውን ወንድ ሕፃናት አልገደሉም፣ ሲጠየቁም ፊቱ ቆመው መለሱ። የፈርዖኑ ስም አልተጻፈም፤ የሁለቱ ሴቶች ስም ተጽፏል። ከኢያዔልና ከአዋላጆቹ ማንኛዋ ጠንካራ ናት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ጥያቄውን ራሱን መጣል አለበት።

የምከራከረው ሴት መሣሪያ ትያዝ ወይም አትያዝ ብዬ እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ የአገራችንን ፊልም ልጥራ። «ድፍረት» በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫልም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሠረቱት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ሆነው ጥብቅና ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ይህ ነገር የተወገደው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ጠመንጃ የያዘች ሴት ልጅ ምናባዊ ነገር አይደለችም ማለት ነው። ወንዶቹ አዛውንቶች ጠለፋን ባህል ብለው በተቀመጡበት አገር አንዲት ተማሪ የምትይዘው ሌላ ነገር አልነበራትም።

የፊልሙ ዕጣ ደግሞ ለክርክራችን ይበልጥ ይጠቅማል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል አበራሽ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ አቤት አለች፤ የፍርድ ቤት እገዳ መጣና ምርቃቱ ቆመ። ስለ ጠንካራ ሴት የተሠራ ፊልም ጠንካራዋን ሴት ፈቃድ ጠይቋል ወይስ አልጠየቀም የሚል ክስ ቀረበበት ማለት ነው። በገዳዩ ጥይትና በጠበቃዋ ክርክር የተደነቅን ሁሉ ይህን ሦስተኛውን ብርታት፣ ሁሉ ሲያጨበጭብ ተነሥቶ «ይህ የእኔ ነው፣ ማን ፈቀደላችሁ?» ማለትን፣ አላስተዋልነውም።

ናርኒያ ውስጥም እንዲህ ያለች አለች፤ ስለ እሷ የሚከራከር ስለሌለ እኔ ልጥራት። አራቪስ ትባላለች። አባቷ ለአንድ ሽማግሌ ባለሥልጣን ሊድራት ሲል ፈረሷን ጭና በሌሊት ትጠፋለች። ራሷን ልታጠፋ ጩቤ አንሥታ ነበር፤ ፈረሷ ከለከለቻት። የጠፋችው ከሌላ ወንድ ጋር አይደለም። የጠፋችው እምቢ ለማለት ነው። በአረካ፣ በቦዲቲ፣ በሁምቦ ያሉ እህቶቻችን ይህን ታሪክ ያለ ማብራሪያ ያነቡታል፤ የታወቀ ሀብታም ሽማግሌ ሲልክ ቤት ውስጥ የሚወርደውን ዝምታ ያውቁታል። ይህን «ፈረሱና ልጁ» የተባለ መጽሐፍ ግን እስካሁን ማንም ፊልም አላደረገውም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2018 የናርኒያን መጻሕፍት የመሥራት መብት ወስዷል፤ ዳይሬክተሯም ግሬታ ገርዊግ ናት። ስለዚህ ክርክራችን በቅርቡ እንደ አዲስ ይቀጣጠላል። አዲሱ ፊልም ሲመጣ ማን ሰይፍ ያዘ ብላችሁ አትቁጠሩ። ማን አየ፣ ማን ተናገረ፣ ማን እምቢ አለ ብላችሁ ቁጠሩ።

የራሳችንን ታሪክስ እንዴት ነው የምንተርከው? የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ወደ ወላይታ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣሊያን በ1937 ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ አገኙ። ይህን እያንዳንዳችን በቃላችን እንይዘዋለን። ወንጌላዊው ዋንዳሮ እንደ ታሰሩና እንደ ተገረፉም በየስብከቱ እንሰማለን፤ ይገባቸዋልም። ግን በዚህ አገር እስረኛን የሚያበላው ወኅኒ ቤቱ አልነበረም፤ ከቤት ስንቅ የምታመላልስ ሰው ነበረች። ያቺ ሰው ወታደር በቆመበት በር ላይ ደጋግማ ስሟን ተናግራለች፤ የማን ቤተሰብ እንደሆነች፣ ማለትም የማን እምነት እንዳላት፣ በየቀኑ መስክራለች። ወንጌላውያኑ ወደ ጋሞና ጎፋ፣ ወደ ዳውሮም ሲወጡ ሚስቶቻቸው ልጅ አዝለው አብረው ወጥተዋል፤ ቋንቋውን በማያውቁት መንደር እንሰት ፍቀው፣ ቆጮ ጋግረው፣ የጎረቤትን ምጥ አዋልደው ያንን ቤት ቤተ ክርስቲያን አድርገውታል። የባሎቻቸውን ስም እናውቃለን። የእነሱን ስም ጠይቁ፤ «የእገሌ ባለቤት» ትባላላችሁ። እኛም ያደረግነው ያንኑ ነው፤ ካሜራችን ግርፋቱን ይዞ በር ላይ የቆመችውን ቆረጣት።

ስለዚህ ሆሊውድን ከመውቀሳችን በፊት እኛም መጽሐፍን ወደ ትዕይንት የምንለውጥ ሰዎች መሆናችንን እናስታውስ። በየዓመቱ ገናና ፋሲካ ላይ ድራማ እንሠራለን። ሉዊስ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲጽፍ፣ አንበሳው በድንጋዩ ገበታ ላይ ሲገደል ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሱትንና ንጋት ላይ ሕያው ሆኖ መጀመሪያ ያዩትን ሱዛንና ሉሲን አድርጓል፤ ወንዶቹ በጦር ሜዳ ነበሩ። ከየት እንዳመጣው ሁላችንም እናውቃለን። የ2005ቱ ፊልም እንኳ፣ ያ የምንወቅሰው፣ ይህን አልነካውም። እኔ ባየኋቸው የፋሲካ ድራማዎች ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ፣ ሦስት ደቂቃ ያለቅሳሉ፣ ይወጣሉ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ይሮጣሉ፤ ንግግሩ ሁሉ የእነሱ ነው። ሉቃስ የጻፈው፣ ሴቶቹ መጥተው ሲናገሩ ሐዋርያቱ ወሬያቸውን ቅዠት አድርገው እንደ ቆጠሩትና እንዳላመኗቸው፣ ይዘለላል። መዝለላችን ገብቶኛል፤ ሐዋርያቱን ያሳፍራል።

በመጪው ፋሲካ ስክሪፕቱን የምትጽፉ ወንድሞች፣ ያን ትዕይንት መልሱት። ማርያም መግደላዊት ትግባና ጌታን አይቻለሁ ትበል፤ አንዱ ይሳቅባት፣ አንዱ እንቅልፍ አጥተሽ ነው ይበላት፤ እሷም ደግማ ትበለው። ካስፒያንን ያነበበ ሰው በኅብረታችሁ ካለ ልምምዱ ላይ አስቀምጡት፤ እንቅልፍ የያዛቸውን ታላላቆች መቀስቀስ ምን ያህል እንደሚከብድ ለተዋናይዋ ይንገራት። ክፍሏንም አሁኑኑ ስጧት፤ ረጅም ነው፣ እስከ ሆሣዕና ድረስ በቃሏ መያዝ አለባት።